የኮሌጅ ስፖርት ክፍል በተጠባባቂነት ተረከብኩ፤ ምን ላስቀድም?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ 1,200 ያህል የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ባሉት አነስተኛ የግል ኮሌጅ የሴቶች አገር አቋራጭ አሰልጣኝና የስፖርት ክፍሉ ረዳት ነበርኩ። ዳይሬክተሩ በድንገት ስለለቀቁ ከጁላይ 1 ጀምሮ ተጠባባቂ ዳይሬክተር ተደረግሁ። የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው ማኅበር በኤንሲኤኤ ውስጥ ዲቪዥን 3 የሚባለው ምድብ ነን፤ 16 ቡድኖች አሉን። ፕሬዚዳንቱ ባገኙኝ ቁጥር የሚያነሱት የተማሪ ቁጥር ነው፤ አሰልጣኞቹ ሁሉም የየራሳቸውን ጥያቄ ይዘው በር ላይ ናቸው፤ በጀቱ ተቀንሷል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ላስቀድም? ብዙ ሰው የሚሳሳተውስ የት ላይ ነው?

ምላሽ፦ በአማርኛ «አትሌቲክስ» ሲባል የሚታየን ሩጫ፣ ዝላይና ውርወራ ነው። የአሜሪካ ኮሌጅ አትሌቲክስ ግን ከመረብ ኳስ እስከ ላክሮስ ሁሉንም የሚያቅፍ ስም ስለሆነ፣ ዘመድዎ «የአትሌቲክስ ዳይሬክተር ሆንኩ» ሲሉት ሩጫ የሚያሠለጥኑ ቢመስለው አይፍረዱበት። እርስዎም ከእንግዲህ የሩጫ ሰዓት የሚይዙበት ቀን ትንሽ ነው። ቀንዎ የሚያልፈው በውል፣ በመድን፣ በአውቶቡስ፣ በሰነድና በቅሬታ ነው።

ምን እንደሚቀድም ለመወሰን እያንዳንዱን ጉዳይ «ይህ ከተበላሸ በኋላ ሊስተካከል ይችላል?» ብለው ይጠይቁት። የተሸነፈ ጨዋታ በሚቀጥለው ሳምንት ይካሳል። የተቀነሰ በጀት በሚቀጥለው ዓመት ይጠየቃል። የሞተ ልጅ ግን አይመለስም። ያልተፈቀደለት ተማሪ የተሰለፈበት ጨዋታም አንዴ ከተጫወቱት በኋላ ወረቀቱን አስተካክለው አያድኑትም። የአዲስ ዳይሬክተሮች የተለመደ ስህተት በር ላይ ቀድሞ ለቆመው ሰው ቀድሞ መልስ መስጠት ነው፤ ቀድሞ የሚቆመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማልያና ጫማ የሚፈልግ አሰልጣኝ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ከሐሳብዎ ያውጡ። በጁን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት የሃውስ ስምምነት (ኮሌጆች ለተጫዋቾች በቀጥታ እንዲከፍሉ የፈቀደው የክስ ስምምነት)፣ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ኮሌጅ እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል የደረሰው ክፍያ፣ የዝውውሩ ግርግር ሁሉ የዲቪዥን 1 ወሬ ነው። ዲቪዥን 3 በስፖርት ችሎታ ምክንያት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። የቦርድ አባላት ጋዜጣ አንብበው ሲጠይቁዎት በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሰው ወደ ሥራዎ ይሂዱ።

አሰልጣኞቹን ከመሰብሰብዎ በፊት የሚያገኙት ሰው የሕክምናውን ኃላፊ ይሁን። አገር ቤት በእግር ኳስ ቡድን ውስጥ «ወጌሻ» የምንለው ቦታ እዚህ በስቴት ፈቃድ በሚሠራ የጤና ባለሙያ የተያዘ ነው፤ አትሌቲክ ትሬነር ይባላል። የተጎዳ ተጫዋች ይግባ አይግባ የሚለውን የሚወስኑት እሱና የቡድኑ ሐኪም ናቸው፤ አሰልጣኙ እዚያ ውስጥ ድምፅ የለውም። ይህን በጽሑፍ አድርገው ለሁሉም አሰልጣኝ በፊርማ ይስጡ። ትሬነሩን ማን እንደሚቀጥርና እንደሚገመግምም ይመልከቱ። የፉትቦል (የአሜሪካ እግር ኳስ) ወይም የቅርጫት ኳስ አሰልጣኙ በትሬነሩ ሥራ ላይ ሥልጣን ካለው፣ ነጻ ውሳኔ የሚባለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚቀረው።

ያሉበት ስቴት ይህን በከባድ ዋጋ ተምሮታል። ሜይ 29 ቀን 2018 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ተጫዋች የነበረው የ19 ዓመቱ ጆርዳን ማክኔር በልምምድ ሩጫ ላይ እያለ በሙቀት ተመታ፤ ጁን 13 ሞተ። ዩኒቨርሲቲው ያሠራው ማጣሪያ የልጁ የሰውነት ሙቀት እንዳልተለካና በቀዝቃዛ ውሃ እንዳልተነከረ አሳየ። ፕሬዚዳንቱ ዋላስ ሎህ ዩኒቨርሲቲው ሕጋዊና ሞራላዊ ኃላፊነት እንደሚወስድ በይፋ ተናገሩ። ዋና አሰልጣኙ ኦክቶበር 31 ተሰናበቱ፤ በ2021 ለቤተሰቡ 3.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ጸደቀ፤ በልጁ ስም የተሰየመ ሕግም ወጣ። እዚያ ቦታ የጎደለው መድኃኒት ወይም ውድ መሣሪያ አልነበረም። ቴርሞሜትር፣ ገንዳ፣ ውሃና በረዶ ነበር።

ስለዚህ ኦገስት ልምምድ ከመጀመሩ በፊት በዓይንዎ ማየት ያለብዎት ይህን ነው። ሰው ሙሉ አካሉ የሚገባበት ገንዳ፤ ከእርሻ ዕቃ መደብር የሚገዛው 150 ጋሎን የሚይዝ የከብት ማጠጫ ገንዳ ይበቃል። ከሜዳው አጠገብ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ውሃው ከልምምድ በፊት የተሞላ፣ በረዶውም በማቀዝቀዣ ሣጥን አጠገቡ ያለ ይሁን። የውሃው ሙቀት ከ35 እስከ 59 ዲግሪ ፋራናይት ባለው ውስጥ ቢሆን ይሠራል። የተጫዋቹ ሙቀት የሚለካው በፊንጢጣ ቴርሞሜትር ነው። ብዙ ቦታ በይሉኝታ አይገዛም፤ ነገር ግን በጆሮ፣ በግንባርና በአፍ የሚለካው እየሮጠ በጋለ ሰው ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር እያሳየ ያዘናጋል። ከ104 ዲግሪ በላይ የሆነና የሚቀባዥር፣ የሚወላገድ ወይም ራሱን የሳተ ተጫዋች ወዲያው ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው ያለማቋረጥ ይማሰላል፤ ሙቀቱ 102 አካባቢ ሲደርስ ይወጣል፤ በአምቡላንስ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። 911 ቀድሞ ይደወላል፤ ማቀዝቀዙ ግን አምቡላንሱን አይጠብቅም። ከተመታ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ የቀዘቀዘ ሰው የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ነው።

ገንዳው ሲከሽፍ የሚከሽፈው በጥቃቅን ነገር ነው። የተቆለፈ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ቁልፉ የአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይሆናል፤ የበረዶ ማሽኑ ከጁን ጀምሮ ተበላሽቶ ማንም አላስጠገነውም፤ ትሬነሩ በሌላ ሜዳ ከሴቶች እግር ኳስ ጋር ነው። ከሁሉም የከፋው ልጁ «ሰነፍ ነው» ተብሎ ሲታለፍ ነው። የሙቀቱን መጠንም ከስልክዎ የአየር ትንበያ አይውሰዱ። እርጥበትን፣ ፀሐይንና ነፋስን አንድ ላይ የሚለካ የእጅ መሣሪያ አለ፤ በዚያው ሜዳ ላይ ይለካ፤ ሰው ሠራሽ ሣር ከትንበያው በጣም ሊብስ ይችላል።

ቀጥሎ የእጅ ሰዓትዎን ይዘው ይውጡ። ከእያንዳንዱ ሜዳና አዳራሽ መካከል ተነሥተው የልብ ማስነሻ መሣሪያው (ኤኢዲ) ጋ ደርሰው ሲመለሱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ከ3 በላይ ከሆነ ሌላ መሣሪያ ይገዛል ወይም ያለው ይዛወራል። ልቡ የቆመ ሰው ያለ ኤሌክትሪክ ንዝረት በሚያሳልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ክዳኑን ከፍተው ደረት ላይ የሚለጠፉትን ፓዶች የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ያንብቡ፤ ማንም የማያየው እሱን ነው። ለእያንዳንዱ ሜዳ አንድ ገጽ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ይኑር፦ የሜዳው ትክክለኛ አድራሻ፣ አምቡላንስ የሚገባበት በር፣ የበሩ ቁልፍ ያለው ሰው፣ የሚደውለው፣ መንገድ ወጥቶ የሚቀበለው። የኮሌጁን ዋና አድራሻ ብቻ የያዘ ዕቅድ አምቡላንሱን ወደ አስተዳደር ሕንጻ ይወስደዋል። ዕቅዱ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በተግባር ካልተለማመዱት ወረቀት ነው። መብረቅ ከታየ ወይም ነጎድጓድ ከተሰማ ሜዳው ይለቀቃል፤ ወደ ሜዳ የሚመለሱት ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ በኋላ ነው፤ በየነጎድጓዱ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

አዲስ ተማሪ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ የተደረገ የጤና ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የሲክል ሴል ትሬት (በዘር የሚወረስ የደም ሁኔታ) እንዳለበት ወይም እንደሌለበትም የታወቀ መሆን አለበት። አሰልጣኞች «ዛሬ ብቻ ይሞክር፣ ወረቀቱ ነገ ይመጣል» ይላሉ። መልሱ አይሆንም ነው። አንድ ጊዜ ከፈቀዱ ለ16ቱም ቡድን ፈቀዱ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የመሰለፍ ብቁነት ነው። እዚህ ላይ ተንኮል እምብዛም አይገኝም፤ የሚጎዳው መዘናጋት ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይሆናል፦ ልጁ በ12 ክሬዲት ተመዝግቧል፤ በኦክቶበር ኬሚስትሪ ይከብደውና ሐሙስ ማታ በኮምፒውተር ኮርሱን ይጥላል፤ 8 ክሬዲት ቀረው፤ ቅዳሜ ይጫወታል። ሙሉ ጊዜ ተማሪ ስላልሆነ ብቁ አልነበረም። ዲሴምበር ላይ ሲታወቅ እሱ የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ሊሰረዙ ወይም በፎርፌ ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ምንም ያላጠፉ 25 ጓደኞቹ አብረው ይቀጣሉ።

መፍትሔው ስብከት አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ሬጅስትራሩን በአካል ሄደው አንድ ነገር ይለምኑ፦ በቡድን ዝርዝር ያለ ተማሪ ያለ ስፖርት ክፍሉ ፈቃድ ከ12 ክሬዲት በታች መውረድ እንዳይችል ምዝገባው ላይ ምልክት ይደረግ። በተጨማሪ ሰኞና ዓርብ ጠዋት ከ12 በታች ያሉትን የሚያወጣ ዝርዝር በራሱ ይላክልዎ። ዝርዝሩን የሚያነብ አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ «ሁላችንም እናያለን» ማለት ማንም አያይም ማለት ነው። የሚያሳስቱ ቀዳዳዎችም አሉ፦ የተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ያለ ኮርስ፣ ያለ ውጤት የሚከታተሉት ኮርስ አይቆጠሩም። በመጨረሻው ሴሚስተር ያለ ተመራቂ ለመመረቅ የሚቀረውን በሙሉ ከወሰደ ከ12 በታች ሆኖ መጫወት ይችላል፤ ይህ ግን ከጨዋታው በፊት በሬጅስትራሩ ጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። ብቁነትን አሰልጣኝ አያረጋግጥም። ሬጅስትራሩ፣ የኮምፕሊያንስ ሠራተኛው (ደንቡ መከበሩን የሚከታተለው) እና የመምህራን ተወካዩ ይፈርማሉ፤ ዝርዝሩ ካልተፈረመ አውቶቡሱ አይነሣም። ስህተት ካገኙ ራስዎ ለኮንፈረንሱ (ለሚወዳደሩበት የኮሌጆች ማኅበር) እና ለኤንሲኤኤ ያሳውቁ። ራሱን ያጋለጠና የተያዘ ኮሌጅ እኩል አይታዩም።

ከአገር አቋራጭ የመጡ ስለሆኑ ከኢትዮጵያ ሯጭ ለማምጣት መፈለግዎ አይቀርም፤ ሌሎች አሰልጣኞችም በእርስዎ በኩል ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ አሜሪካዊ ባልደረባዎ የማያያቸውን ወጥመዶች እርስዎ ማየት ይችላሉ። አገር ቤት አትሌት በክለብ ታቅፎ የወር ደመወዝ ይበላል፤ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ወይም መቻልን ማሰብ ይበቃል። ለእኛ ተራ ነገር ነው፤ ለኤንሲኤኤ ግን የአማተርነት፣ ማለትም ያለ ክፍያ የመወዳደር ጥያቄ ነው። የክለብ ውል፣ ደመወዝ፣ የጎዳና ሩጫ ሽልማት፣ ወኪል ካለ ሁሉም ከመቀበል በፊት ተጽፎ ለኮምፕሊያንስ ይቅረብ። ልጁ «ክለብ ነበርክ?» ሲባል በኩራት አዎ ይላል፤ «ይከፈልህ ነበር?» የሚለውን ለይቶ የሚጠይቀው ከሌለ ነገሩ የሚወጣው ከተሰለፈ በኋላ ነው።

ሰነዶችም አሉ። የትምህርት ማስረጃው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ ፓስፖርቱ በፈረንጅ ከሆነ በመካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። 2015 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ በ2023 ነው የጨረሰው፤ ቅጹ ላይ 2015 ተብሎ ከገባ ስምንት ዓመት ቤት የተቀመጠ ይመስላል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲገባ፣ የአያት ስም አንዱ ሰነድ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ሲጠፋ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፉ ሲለያይ፣ አንዱ ልጅ ሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል። ዓመቱን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር አብሮ ይላክ።

የኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ያለው ተማሪ ደግሞ በሁለት ገመድ የታሰረ ነው። ከ12 ክሬዲት በታች መውረድ ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ሁኔታውን ያሳጣዋል፤ ከመውረዱ በፊት የኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለሙሉ ጊዜ ከሚቆጠሩት ኮርሶች በሴሚስተር አንድ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው በኢንተርኔት ሊሆን የሚችለው። ትምህርት ባለበት ጊዜ በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ይሠራል፤ ከግቢ ውጭ ያለ ፈቃድ አይሠራም። ስለዚህ የሐበሻ ሬስቶራንት «ፎቶህን እንለጥፍ፣ ትንሽ እንክፈልህ» ቢለው በጎ ሐሳብ ቢሆንም ለቪዛው አደጋ ነው። አሰልጣኞችዎ በዚህ ጉዳይ ምክር እንዳይሰጡ ይከልክሉ፤ የሚጠየቀው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ነው።

ሦስተኛው ታይትል ናይን ነው፤ በ1972 የወጣው የፆታ እኩልነት ሕግ። ሰዎች በጣም የሚሳሳቱት በሒሳቡ ስለሆነ በቁጥር ላሳይዎት። ከ1,200 ተማሪዎችዎ 55 በመቶው ሴቶች ናቸው እንበል። የቡድን ቦታዎች 320 ቢሆኑና ሴቶቹ 144 (45 በመቶ)፣ ወንዶቹ 176 ቢሆኑ፣ ብዙ ሰው «የ320 55 በመቶ 176 ነው፤ 144 አለን፤ 32 ጎደለን» ይላል። ስህተት ነው፤ 32 ሴቶች ሲጨመሩ ጠቅላላው 352 ይሆናል፤ ድርሻቸውም 50 በመቶ ብቻ ነው። ወንዶቹን ሳይነኩ ትክክለኛው ስሌት 176 ሲካፈል ለ45 ሲባዛ በ55 ነው፤ 215። የጎደለው 71 ቦታ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቡድን ማለት ነው። ከአንድ በላይ ስፖርት የምትሳተፍ ተማሪ በእያንዳንዱ ትቆጠራለች፤ አገር አቋራጭ፣ የቤት ውስጥና የሜዳ ሩጫ ሦስቱንም የምትሮጥ ልጅ ሦስት ናት። ይህ ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን በእውነት የምትለማመድና የምትወዳደር ካልሆነች፣ ለቁጥር ብቻ የተጻፈ ስም በምርመራ ጊዜ ተፍቆ ይወጣል።

በቁጥር መመጣጠን ካልቻሉ ሁለት ሌሎች መንገዶች አሉ፦ ለሴቶች ያለማቋረጥ ስፖርት ሲጨምሩ መቆየትዎን ማሳየት፣ ወይም የሴት ተማሪዎች ፍላጎትና ችሎታ ሙሉ በሙሉ መስተናገዱን ማስረዳት። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። የትኛው ላይ እንደቆሙ የሚያውቅ ሰው ኮሌጁ ውስጥ ከሌለ፣ አንዱም ላይ አልቆሙም ብለው ያስቡ። በጀት ሲጠብ የሚመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ ቡድን መሰረዝ ስለሆነ ይህን ቀድመው ይወቁ። ብራውን ዩኒቨርሲቲ በ1991 ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ የሴቶች ጂምናስቲክንና መረብ ኳስን፣ ከወንዶችም ሁለት ቡድኖችን በጀት ነሣ። ከሴቶቹ የመጣው ክስ ዓመታት ፈጅቶ የተጠናቀቀው በስምምነት ነው፤ በ2020 ዩኒቨርሲቲው እንደገና ቡድን ሲቀንስም ያው ስምምነት ተመልሶ መጣበት። በዲቪዥን 3 ከዚህ ሌላ የቡድን ቁጥር ወለልም አለ፦ ከ1,000 በላይ ተማሪ ያለው ኮሌጅ ቢያንስ 6 የወንድ፣ 6 የሴት ስፖርት ይኖረዋል። ከ1,000 በታች ከሆነ 5 እና 5። ከ16 ቡድኖችዎ ስንቱ የማን እንደሆነ ቆጥረው ይያዙ።

የቁጥሩ ጉዳይ ካለፈ በኋላ የአያያዙ ይመጣል፤ ይኸኛው በእግር ተሂዶ የሚታይ ነው። የቤዝቦልና የሶፍትቦል ሜዳዎችን በአንድ ከሰዓት ይጎብኙ። መብራት፣ የውጤት ሰሌዳ፣ የተጫዋቾች መቀመጫ ጣሪያ፣ መጸዳጃው ያለበት ርቀት። በአብዛኛው ቤዝቦሉ ያማረ ነው፤ «ወላጆች ናቸው የሠሩት» ይባላል። ገንዘቡ ከየትም ይምጣ ኃላፊነቱ የኮሌጁ ነው፤ ለጋሾች ለአንዱ ከሠሩ ለሌላው ኮሌጁ ያመጣጥናል። ስለዚህ ማንኛውም ስጦታ ከመፈረሙ በፊት በእርስዎ በኩል ይለፍ። አንድ አሰልጣኝ ስለ እኩልነት ቅሬታ ካቀረበም በኋላ ውሉን ሲነኩ ይጠንቀቁ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ቅሬታ ያቀረበን መበቀል ራሱ የታይትል ናይን ጥሰት ነው ብሏል። የተሳታፊና የወጪ ሪፖርቱ ደግሞ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 15 ለሕዝብ ዝግጁ ይሆናል፤ ጋዜጠኛም ጠበቃም የሚያነበው እሱን ነው፤ ከመላኩ በፊት ቁጥሩን ራስዎ ያንብቡት።

አሁን ፕሬዚዳንቱ ወደሚያነሱት የተማሪ ቁጥር እንምጣ። እውነታቸውን ነው፤ በትንሽ የግል ኮሌጅ ስፖርት ተማሪ ማምጫ ነው። ነገር ግን የሚጠየቁት «ስንት መለመላችሁ?» ብቻ ከሆነ አሰልጣኞች 45 ልጅ ይሰበስባሉ፤ 20ው ሜዳ ሳያይ በዓመቱ ይሄዳል። ለምሳሌ ኮሌጁ ለትምህርት ክፍያ የሚሰጠው እርዳታ ከተቀነሰ በኋላ ከአንድ ተማሪ 16,000 ዶላር ያገኛል ብንል፣ 12 ልጅ ያመጣና 6 ያስቀረ አሰልጣኝ በሁለተኛው ዓመት 96,000 ይዟል፤ 9 አምጥቶ 8 ያስቀረ 128,000 ይዟል። ስለዚህ ሪፖርትዎ ላይ ሁለት ዓምድ ይኑር፦ የመጡና በሁለተኛው ዓመት የተመለሱ። ፕሬዚዳንቱ ሁለተኛውን ዓምድ አንዴ ካዩ መልሰው ይጠይቁዎታል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ልጅ ለማምጣት ሲባል አሰልጣኝ በእርዳታ ገንዘብ ውስጥ እጁን ማስገባት አይችልም። በዲቪዥን 3 የተጫዋቾች እርዳታ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በየዓመቱ ይነጻጸራል። «ከፋይናንሻል ኤይድ (ከእርዳታ ክፍሉ) ጋር ተነጋግሬ አስጨምርልሃለሁ» የሚል አንድ የጽሑፍ መልእክት በቂ ማስረጃ ነው።

በጀት ላይ በፍጥነት ልለፍ። ትልቁ ተለዋዋጭ ወጪ ጉዞ ስለሆነ በየቡድኑ ድምሩን ሳይሆን በየጉዞው ይሥሩት፦ አውቶቡስ፣ ምግብ (ሰው ሲባዛ በምግብ ቁጥር ሲባዛ በዋጋ)፣ ማደሪያ፣ ዳኛ፣ ከዚያ 10 በመቶ መጠባበቂያ። አንድ ረጅም ጉዞ በአቅራቢያ ጨዋታ መተካት ብዙ ጊዜ የማልያ በጀቱን በሙሉ ከመሰረዝ ይበልጣል። ገንዘብ ለመቆጠብ ግን ደኅንነትን አይንኩ። 15 ሰው የሚይዝ ቫን 10 እና ከዚያ በላይ ሰው ሲጭን የመገልበጥ አደጋው በጣም ይጨምራል፤ ከጨዋታ በኋላ የደከመ ረዳት አሰልጣኝ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲነዳው ደግሞ ይብሳል። ሾፌሩን ጨምሮ ለ16 ወይም ከዚያ በላይ ሰው የተሠራ መኪና የንግድ መንጃ ፈቃድ ከመንገደኛ ፈቃድ ጋር ይጠይቃል። የአውቶቡስ ሾፌር ቢበዛ 10 ሰዓት ይነዳል፤ ከዚያ 8 ሰዓት ያርፋል። ሄዶ ተጫውቶ መመለሱ ከሥራ ሰዓቱ በላይ ከሆነ ሁለተኛ ሾፌር ወይም ማደሪያ የግድ ነው፤ ይህ ወጪ በጀት ላይ ስለማይጻፍ ነው ጃንዋሪ ላይ የሚጎድለው። የጉዞ ገንዘብ የወሰደ አሰልጣኝ ከተመለሰ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ በደረሰኝ ያወራርድ፤ ያላወራረደ ሌላ አይወስድም። የመግቢያ ትኬት ገንዘብ ሁለት ሰው ይቆጥራል። በአሰልጣኝ ስም የተከፈተ የ«ቡድን» ባንክ ሒሳብ ካገኙ በዚያው ሳምንት ይዘጋ።

አሰልጣኞቹን በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት እያንዳንዳቸውን በየቢሯቸው ያግኟቸው፤ ያዳምጡ፣ ይጻፉ፣ ቃል አይግቡ። በውድድር ዘመን መካከል አያሰናብቱ፤ የደኅንነት ወይም የተማሪ ጥቃት ጉዳይ ከሆነ ግን አንድ ቀን አይጠብቁ። ውል የማይታደስ ከሆነ ውድድሩ ባበቃ በሳምንት ውስጥ ይነገር፤ ማዘግየት የሚቀጥለውን ዓመት ምልመላ ይገድላል። ተማሪ ስለ አሰልጣኝ ሊነግርዎት ሲመጣ «በእኛ መካከል ይቅር» ብለው አይጀምሩ፤ ጉዳዩ የፆታ ትንኮሳ ከሆነ ለታይትል ናይን አስተባባሪው ማሳወቅ አለብዎት፤ ልጅቷም ይህን ከመናገሯ በፊት ልታውቅ ይገባል። ወላጅ ደውሎ ስለ ልጁ ውጤት ወይም ጤና ሲጠይቅም፣ ተማሪው በጽሑፍ ካልፈቀደ አይመልሱም። የሐበሻ አባት ከሆነ «እኔ እየከፈልኩ እንዴት?» ብሎ ይቆጣል፤ በትሕትና ቅጹን ይላኩለት።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። ተጠባባቂ መሆንዎ በቃል ከሆነ የተነገረዎ፣ ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ደብዳቤ ይጠይቁ፦ እስከ መቼ፣ ምን ያህል ተጨማሪ ክፍያ፣ እስከ ስንት ዶላር የመፈረም ሥልጣን፣ ለማን ተጠሪ፣ ሌላ ሰው ከተቀጠረ ወደ የትኛው ቦታ እንደሚመለሱ። የአገር አቋራጩን ቡድንም ይዘው ከቀጠሉ የራስዎን ቡድን በጀት የሚያጸድቅና የሯጮችዎን ቅሬታ የሚሰማ ሌላ ሰው በዚያው ደብዳቤ ይሰየም፤ የልምምዱን ሥራ ቢያንስ እስከ ኖቬምበር ለረዳት ይልቀቁት። ኦገስት ላይ ገንዳው መሞላቱን የሚያየውም፣ ዝርዝሩን የሚፈርመውም፣ ከሯጮቹ ጋር 10 ማይል የሚወጣውም አንድ ሰው ከሆነ፣ የሚቀረው የመጀመሪያው ነው።